በዓሣ መኖ ላይ የሚጨመሩ ዕፅዋት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ኩሬዎች

«ዓሦቹ መብላት አቁመዋል፤ ነጭ ሽንኩርት ብንሰጣቸው ይሻላቸዋል?» ኩሬ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ይጠይቃል። መብላት ያቆመ ዓሣ ነጭ ሽንኩርት የነካውን መኖም አይበላም። በመኖ የሚሰጥ መድኃኒት እንኳ የሚደርሰው ገና መብላት ላላቆሙት ብቻ ነው። ዕፅዋት ለዓሣ ጤና የሚረዱት ዓሣው ደህና ሆኖ እየበላ ሳለ፣ የበሽታው ወቅት ከመግባቱ ሦስት አራት ሳምንት አስቀድሞ ሲጀመሩ ነው። ታሞ ከተገኘ በኋላ የሚገዛው ሽንኩርት ለቤት ወጥ ቢውል ይሻላል።

ከዚህ በታች ያለው ስለ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፤ በአካባቢው ኩሬ ለሚጀምር ሰው የሚመከረውም እሱ ስለሆነ። አምባዛ የሚያረባ ሰው የዕፅዋቱን አዘገጃጀት እንዳለ ሊወስደው ይችላል፤ መኖው ግን ከፍ ያለ ፕሮቲን፣ ቢያንስ 35 በመቶ፣ ይፈልጋል።

ምን ይሠራሉ?

ቆሮሶ ከበሽታ የሚጠበቀው በአብዛኛው ሲፈለፈል ይዞት በሚመጣው መከላከያ ነው። ቆዳውን የሸፈነው ልጋግ አንዱ ነው። ባክቴሪያ የሚውጡት ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚበጣጥስ ላይሶዛይም የሚባል ኢንዛይምም አለ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብልና እርድ በልክ ሲሰጡ እነዚህ መከላከያዎች እንደሚጠናከሩ በቆሮሶ ላይ በተደረጉ ብዙ ሙከራዎች ታይቷል። አንጀት ውስጥም ሥራ አላቸው፤ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች በደንብ እንዲመነጩ ያግዛሉ፣ ጎጂ ባክቴሪያዎችንም ይቀንሳሉ። ከዚህ ሌላ ሽታቸው ዓሣውን ወደ መኖው ይጠራዋል። ቶሎ የተበላ መኖ ደግሞ ታች ወርዶ አይበሰብስም።

ዓለም ወደ ዕፅዋት ያዘነበለው በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ምክንያት ነው። ለማሳደጊያ ተብሎ በመኖ ውስጥ በትንሽ በትንሹ የሚሰጥ መድኃኒት፣ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያራባል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ከልክሎታል። እኛ ዘንድ ያለው ችግር መልኩ ይለያል፤ ለዶሮ የተገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ኩሬው ላይ ይበተናል። ድሬዳዋ ላይ ይህ ድርብ ኪሳራ ነው። የከተማው የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ነው። ካልሲየሙ ኦክሲቴትራሳይክሊንን አስሮ ሥራ ያስፈታዋል። ገንዘቡ ውሃ ውስጥ ቀረ፣ ዓሣውም አልዳነ።

ከዕፅዋቱ በፊት ውሃው

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። መንገዱ አጭር ቢሆንም ለዓሣ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ቆሮሶ የሚመቸው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ውሃ ነው። ከ20 በታች ምግቡን ይቀንሳል፤ ወደ 16 ሲጠጋ ጨርሶ ይተወዋል ማለት ይቻላል።

ድሬዳዋ ላይ የሚያስፈራው ሙቀቱ ነው። 30 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በዚያ ከፍታ ቢበዛ 6.5 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን በሊትር ይይዛል። ሌሊት ደግሞ አልጌውም ዓሣውም ከዚያው ስለሚተነፍሱ ጎህ ሲቀድ ከ3 በታች ሊወርድ ይችላል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በሞቀ ውሃ የሚበረታውም ያኔ ነው። ዓይኑ ወደ ውጭ የፈጠጠ፣ ሰውነቱ የጠቆረ፣ አንድ ቦታ ላይ እየተሽከረከረ የሚዋኝ ዓሣ ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ስለዚህ ለድሬዳዋ ኩሬ ዕፅዋቱን መጀመር ያለባችሁ መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት ሳይመጣ ነው።

ሐረር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ ውሃውም ይቀዘቅዛል፤ ዓሣው ይደክማል፣ የተላላጠ ቆዳ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ይወጣል። እዚያ ዕፅዋቱ የሚጀመሩበት ወር ጥቅምት ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ዓሣው ምግብ ከቀነሰ በኋላ መጀመር ትርጉም የለውም። ሐረር ላይ ኩሬውን ጥቁር ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ማልበስና ሌሊት መሸፈን ከየትኛውም ቅመም በላይ ይጠቅማል።

አሞኒያም አለ። ዓሣው ከበላው ፕሮቲን የሚወጣው ቆሻሻ ነው። ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ የሆነው ክፍል ስንት እንደሆነ የሚወስነው በዋናነት ፒኤች (ውሃው ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይን እንደሆነ የሚያሳየው መለኪያ) ነው፦ ውሃው 28 ዲግሪ ሲሆን በፒኤች 7 ከ1 በመቶ በታች፣ በፒኤች 8 ከ6 እስከ 7 በመቶ፣ በፒኤች 9 ደግሞ 40 በመቶ ይሆናል። አልጌ የበዛበት አረንጓዴ ኩሬ ጠዋት ፒኤች 7.5 ሆኖ ከሰዓት በኋላ 9 ሊገባ ይችላል። «ጠዋት ደህና ነበሩ፣ በ10 ሰዓት ሞተው አገኘኋቸው» የሚባለው ሞት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው። በዚህ ላይ ነጭ ሽንኩርት ምንም አያደርግም። መድኃኒቱ መኖ መቀነስና ከውሃው ሩቡን መቀየር ነው። ከጉድጓድ የወጣ ውሃ ኦክስጅኑ ትንሽ ስለሆነ ከከፍታ እየተረጨ ይግባ።

መኖው ራሱ

ቅመም ወጥን ያጣፍጣል እንጂ ወጥ አይሆንም። ፉርሽካ ብቻ የሚበላ ዓሣ ጥቁር አዝሙድ ቢታከልለትም የፉርሽካ ዓሣ ነው። ከ50 ግራም በላይ ለሆነ ቆሮሶ 28 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያስፈልጋል። በአካባቢው ከሚገኘው ነገር ለ10 ኪሎ የሚሆን ቅንብር ይኸውና፦ ፉርሽካ 3 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 2.5 ኪሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት 2.5 ኪሎ፣ የደረቀ የዓሣ ተረፈ ምርት (ጭንቅላትና አጥንት ያለበት) ዱቄት 1 ኪሎ፣ የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት 800 ግራም፣ የቪታሚንና ማዕድን ቅልቅል ከጨው ጋር 200 ግራም። አኩሪ አተሩ የግድ ይቆላ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት።

ብዙ ሰው በኑጉ ፈንታ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ይጠይቃል፤ ባቢሌ ቅርብ ስለሆነች። ፕሮቲኑ ከኑግ ይበልጣል፣ ዓሣውም ይወደዋል። ችግሩ አፍላቶክሲን ነው። ኦቾሎኒ በደንብ ሳይደርቅ ሲከመር የሚበቅለው ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ የዓሣን ጉበት ይጎዳል፣ የበሽታ መከላከያውንም ያዳክማል። መርዙ በመቁላትም በመቀቀልም አይጠፋም፤ ሻጋታውን ጠርጎ መጣልም መርዙን አይወስደውም። ከዘይት መጭመቂያው ጥግ በርካሽ የሚሸጠው ፋጉሎ ብዙ ጊዜ የተሰባበረው፣ የተጨማደደውና የሻገተው ፍሬ የተጨመቀበት ነው። ምንጩን ካላወቃችሁ ኑጉ ይሻላል። በአንድ እጅ አፍላቶክሲን እየሰጡ በሌላው እጅ እርድ መጨመር ጨዋታ ነው።

የትኛው ተክል፣ ምን ያህል?

በጣም የተሞከረው ነጭ ሽንኩርት ነው። ለአንድ ኪሎ መኖ 10 ግራም የደረቀ ዱቄት ይበቃል፤ እስከ 30 ግራም የተጠቀሙ ሙከራዎች አሉ፣ ለጀማሪ ግን ከ10 መብለጥ አያስፈልግም። ሥራውን የሚሠራው አሊሲን የሚባለው ነገር ሙሉ ሽንኩርት ውስጥ የለም፤ ፍሬው ሲደቀቅ ነው የሚፈጠረው። የሚፈጥረው ኢንዛይም ደግሞ ሙቀት ይገድለዋል። ስለዚህ ሽንኩርቱን ልጣችሁ ሙቀጫ ውስጥ ውቀጡት፣ 10 ደቂቃ ተውት፣ ከዚያ በስሱ ዘርግታችሁ በጥላ አድርቁ። ሙሉውን ቀቅሎ ወይም በምጣድ አድርቆ መፍጨት ሽታ ያለው ዱቄት ይሰጣችኋል፣ ሌላ ብዙም የለውም። ከ3 ኪሎ እርጥብ ሽንኩርት 1 ኪሎ ገደማ ደረቅ ይወጣል።

ጥቁር አዝሙድም መጠኑ ያው ነው፤ 10 ግራም በኪሎ። ፍሬው ከሲሶ በላይ ዘይት ስለሆነ ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ይበላሻል፤ ለአንድ ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፍጩ። ዝንጅብል ከ5 እስከ 10 ግራም፣ እርድ 5 ግራም። ቀፊራ ገበያ ላይ ሁሉም ተፈጭቶ ይሸጣል፣ ግን ከምን ጋር እንደተፈጨ ማን ያውቃል፤ ሙሉውን ሥርና ፍሬ ገዝታችሁ ራሳችሁ አስፈጩ።

ሽፈራው ከእነዚህ የሚለየው ምግብም ስለሆነ ነው። የደረቀ ቅጠሉ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። እንደ ማሟያ 15 ግራም በኪሎ ይሰጣል፤ እንደ ምግብ ደግሞ በሌላ ነገር ቦታ እስከ 50 ግራም በኪሎ ቢገባ ችግር የለውም። ቅጠሉ ሳፖኒንና ፋይቴት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉበት ከዚያ ሲበዛ፣ በተለይም ከ100 ግራም ሲያልፍ፣ ዓሣው እድገቱ ይዘገያል። ቅጠሉን ግንድና ዘንግ ሳይቀር ማስፈጨት ስህተት ነው፤ ዘንጉ እንጨት ብቻ ነው። ቅጠሉን አጥባችሁ በጥላ አድርቁት፣ በእጅ ሲታሽ ዱቄት ሲሆን አራግፉና በወንፊት ንፉ። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቅጠል አረንጓዴነቱን ሲለቅ ቪታሚኑንም ነው የሚለቀው።

አንዱን ምረጡ። ሁሉንም አንድ ላይ መቀላቀል የተለመደ ፈተና ነው፤ ነገር ግን የትኛው እንደሠራ አታውቁም፣ የመኖው ምሬትም ዓሣውን ያሸሸዋል። በእነዚህ ዕፅዋት መጠን ሲጨምር ጥቅም የሚጨምረው እስከ አንድ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ ጉበትና አንጀት ላይ ሸክም ይሆናሉ።

አዘገጃጀት

500 ዓሣ አለ እንበል፣ አማካይ ክብደቱ 80 ግራም። በአጠቃላይ 40 ኪሎ ዓሣ ነው። በዚህ ዕድሜ የቀን ምግቡ የክብደቱ 3 በመቶ ስለሆነ 1.2 ኪሎ፣ ለ10 ቀን 12 ኪሎ መኖ ይፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት በ10 ግራም ሂሳብ 120 ግራም ደረቅ ዱቄት፣ ወይም 360 ግራም ገደማ እርጥብ ማለት ነው። በእፍኝ መለካት እዚህ ላይ አይሠራም፤ አንዱ እፍኝ ከሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ትንሽ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ያዙ።

የተዘጋጀ ፔሌት (ተጨምቆ በትንንሽ ፍሬ መልክ የተሠራ መኖ) የምትገዙ ከሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎ መኖ 15 ግራም ገደማ የምግብ ዘይት ውሰዱ። መጀመሪያ ዱቄቱን በዘይቱ አሹት፣ ከዚያ ሰፊ ሳፋ ላይ የተዘረጋው ፔሌት ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ በእጅ አገላብጡ። በጥላ ለግማሽ ሰዓት ይረፍ። ዘይቱን መተው ትልቁ ስህተት ነው፤ ደረቅ ዱቄት ፔሌቱ ላይ ቢበተን ውሃ እንደነካው ይታጠባል፣ ሽንኩርቱን ዓሣው ሳይሆን ኩሬው ይጠጣዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ እፍኝ መኖ ግልጽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ውሃው ከደፈረሰ ማጣበቂያው አልያዘም።

ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ደረቁን ሁሉ በወንፊት ነፍታችሁ ቀላቅሉ። ትንሹን ዱቄት 10 ኪሎ ላይ በአንዴ አትጣሉት፤ መጀመሪያ ከ1 ኪሎ ጋር፣ ያንን ከ3 ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከቀሪው ጋር አዋሕዱ። ከማሽላው ዱቄት ግማሹን ገንፎ አድርጋችሁ ቀቅሉት፤ ማጣበቂያው እሱ ነው። ገንፎው እጅ እስኪያስችል ሲቀዘቅዝ ብቻ ሽንኩርት የገባበትን ድብልቅ ጨምሩ። በእጅ ሲጨበጥ የሚይዝ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ሊጥ ሲሆን በሥጋ መፍጫ ማሽን አውጡትና በወንፊት ወይም በሽቦ መረብ ላይ በጥላ አድርቁ። ሲሰበር «ቀጭ» ካለ ደርቋል፣ ከታጠፈ አልደረቀም። ያልደረቀ ፔሌት ጆንያ ውስጥ ከገባ በሳምንት ይሻግታል፤ የሸሸነው አፍላቶክሲን በዚያ በኩል ይመለሳል። ድሬዳዋ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከማኖር ጥላ ያለው የጭቃ ክፍል ይሻላል፣ ጆንያው ከመሬትና ከግድግዳ ይራቅ።

ሰዓቱ። ድሬዳዋ ላይ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፤ ጎህ ሲቀድ ኦክስጅን ስለሌለ አትመግቡ። ሐረር ላይ ውሃው እስኪሞቅ ጠብቃችሁ 5 ሰዓትና 9 ሰዓት። በ15 ደቂቃ ያልተበላ መኖ ትርፍ ነው፣ በማግሥቱ ይቀነስ። ዕፅዋት ያለበትን መኖ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከሰጣችሁ በኋላ ለአንድ ወር ያህል አቁሙ፤ የዓሣው መከላከያ ያለማቋረጥ ሲቀሰቀስ ምላሹ ይደክማል።

የማይሰጡ

«ተክል ነው፣ አይጎዳም» የሚለው አባባል በዓሣ ላይ አይሠራም። የብርብራ ፍሬ ዱቄት በኢትዮጵያ ወንዞች ዓሣ ለማደንዘዝ የቆየ ዘዴ ነው፤ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለበት፣ ዓሣው መተንፈስ እንዲያቅተው ያደርጋል። እንዶድም በሳፖኒኑ ቀንድ አውጣን የሚገድለውን ያህል ዓሣንም ይገድላል፤ የልብስ ማጠቢያ እንዶድ የነካ ባልዲ ኩሬ ውስጥ አይግባ። የጉሎ ፋጉሎ ራይሲን የሚባል መርዝ አለበት፣ ለማዳበሪያ እንጂ ለመኖ አይሆንም። የኒም ቅጠል ዝፍዝፍ ለሰብል ተባይ ጥሩ ነው፣ ኩሬ ላይ ሲበዛ ግን ስንጥብ ይጎዳል።

ገራባ ደግሞ ለብቻው ይነሣ። ድሬዳዋና ሐረር ላይ የጫት ትራፊ በየደጁ ስላለ፣ ፍየልም ስለሚበላው፣ ለዓሣስ የሚል ይበዛል። አይሆንም። ጫት ማሳ ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭበት ተክል ነው፤ ፍየል የሚችለውን የመርዝ ቅሪት ዓሣ አይችለውም፣ ብዙዎቹ ፀረ ተባዮች ለዓሣ በጣም መርዛማ ናቸውና። በውስጡ ያለው ታኒን የሚባለው ነገርም የፕሮቲን መፈጨትን ይቀንሳል።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

ያለ ማነጻጸሪያ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሁለት ገንዳ ካላችሁ አንዱን ያለ ዕፅዋት መግቡ፤ አንድ ብቻ ከሆነ በመረብ ለሁለት ክፈሉት፣ በሁለቱም በኩል እኩል ቁጥርና እኩል ክብደት ይግባ። ውሃው አንድ ስለሆነ የመረቡ ማነጻጸሪያ እንዲያውም የተሻለ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከእያንዳንዱ ወገን 30 ዓሣ ሳትመርጡ አውጥታችሁ መዝኑ፤ እጃችሁን አርጥቡ፣ ደረቅ እጅ ልጋጉን ይገፈዋል። የሞተውን በየቀኑ መዝግቡ። የሰጣችሁትን መኖ ለጨመረው ክብደት ብታካፍሉ አንድ ኪሎ ዓሣ ስንት ኪሎ መኖ እንደፈጀ ታገኛላችሁ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ያለ ዕፅዋት 1.8 ኪሎ መኖ ለአንድ ኪሎ ዓሣ ይፈጅ ከነበረ፣ 100 ኪሎ መኖ 55.5 ኪሎ ገደማ ዓሣ ይሰጣል። ወደ 1.7 ከወረደ 58.8 ኪሎ ይሆናል፣ ልዩነቱ 3 ኪሎ ከሩብ ያህል ዓሣ ነው። ለ100 ኪሎ መኖ የገባው ሽንኩርት 1 ኪሎ ደረቅ፣ ማለትም 3 ኪሎ እርጥብ ነው። በሌላ አነጋገር የአንድ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ዋጋ ከአንድ ኪሎ ዓሣ ዋጋ በታች እስከሆነ ድረስ ታተርፋላችሁ፤ ሽንኩርት በተወደደ ሰሞን ግን ግቢ ውስጥ ያለ ሽፈራው ይበልጣል። ለአንድ ኪሎ ዓሣ በሚፈጀው መኖ ላይ ያለው ልዩነት ከ0.1 ኪሎ ካነሰና የሁለቱም ወገን ሞት እኩል ከሆነ ደግሞ ተዉት፣ ገንዘቡን ለአየር መንፊያ ፓምፕ አውሉት።

ዓሣው ለገበያ ሲወጣ አንድ ቀን አስቀድማችሁ መኖ አቁሙ፤ አንጀቱ ባዶ የሆነ ዓሣ በመንገድ ላይ ቶሎ አይበላሽም፣ ውሃውንም አያቆሽሽም።